ምዕራፍ 7፦ ደሙ በመንገድ፣ ፍርዱ በመዝገብ

ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካሉት ሦስት የካራ መንደሮች ትልቋ ናት፤ ሌሎቹ ላቡክና ኮርቾ ይባላሉ። በአስተዳደር የሐመር ወረዳ አካል ስትሆን የወረዳው ዋና ከተማ ዲመካ ነው። ከዱስ ዲመካ ለመድረስ በመጀመሪያ በአፈሩ መንገድ ወደ ቱርሚ መውጣት፣ ከቱርሚ ደግሞ ወደ ሰሜን ማቅናት ያስፈልጋል። በበጋ አሸዋቸው ብቻ የሚታይ ደረቅ ወንዞች ዝናብ ሲጥል በሰዓታት ውስጥ ይሞሉና መንገዱን ይቆርጡታል።

አስፋልት ሳይደርስ መኪናው ግን ደርሷል። ቱሪስት የጫነ ላንድክሩዘር፣ የእርሻ ድርጅት ገልባጭ፣ የግብረ ሰናይ ድርጅት ፒክአፕ፣ እህልና ቢራ የጫነ አይሱዙ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሞተር ብስክሌት በየመንደሩ ያልፋል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት በመቋረጡ፣ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ የነበረው የካራ ገበሬ ከቀድሞው ይልቅ በገበያና በዕርዳታ እህል ላይ ተንጠልጥሏል። ያ እህል የሚመጣው በመኪና ነው። ሰኞ የቱርሚ፣ ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የዲመካና የጂንካ ገበያ ሲቆም መንገዱ በሰው፣ በፍየልና በከብት ይሞላል። አደጋም በዚያው ይበዛል።

አደጋው ከደረሰ በኋላስ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ተመራማሪ፣ ጋዜጠኛ ወይም የሟች ልጅ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ይህ ምዕራፍ የመኪና አደጋ የፍትሐ ብሔር መዝገቦች እንዴት እንደሚፈለጉ፣ እንዴት እንደሚነበቡ፣ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚደብቁ ያሳያል። ዋና መከራከሪያውም ይህ ነው፦ በካሳ ጉዳይ ሕጉ ከተጎጂው ጋር የቆመ ነው፤ ተጎጂውን የሚረቱት ወረቀትና ጊዜ ናቸው።

ሁለት ክስ፣ አንድ አደጋ

ብዙ ሰው ሹፌሩ ከታሰረ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። አንድ አደጋ ግን ሁለት የተለያዩ ክሶችን ይወልዳል። የመጀመሪያው ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው፣ ሹፌርን ጨምሮ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ጥፋተኛው ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ያደረሰው ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይህን ክስ የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ መቀጮውም የሚገባው ለመንግሥት እንጂ ለሟች ቤተሰብ አይደለም።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲሆን ከሳሹ ተጎጂው ራሱ ወይም የሟች ወገን ነው። የሚጠየቀውም ካሳ ነው። መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተለይም «ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት» የሚናገረው ክፍል ነው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ ናቸው። በእሳቸው አገር የመኪና አደጋ ካሳን የለወጠው አንድ መዝገብ ነበር። በ1925 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቤልፎር በምትባል ከተማ አንድ የጭነት መኪና አንዲት ልጅ ገጨ፤ ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በየካቲት 1930 የፈረንሳይ ሰበር ችሎት ፍርዱን ሰጠ። ነገሩን በቁጥጥሩ ሥር ያዋለ ሰው ጥፋት መፈጸሙ ባይረጋገጥም ነገሩ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል አለ። ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ የተገጨ ሰው የሹፌሩን ጥፋት ለማስረዳት የሚባክንበት ዘመን አበቃ።

የእኛም ሕግ ያንኑ መንገድ ይዟል። አንቀጽ 2081 የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ነጻ የሚወጣው አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ በሩን ይበልጥ ያጠብበዋል፦ «ጥፋት የለብኝም»፣ «ሁሉንም ጥንቃቄ አድርጌያለሁ»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» የሚሉ መከላከያዎች ባለንብረቱን አያድኑትም። ከስርቆት ሌላ፣ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የሚቀርለት ጉዳቱ በተጎጂው በራሱ ጥፋት መድረሱን ካስረዳ ብቻ ነው።

ይህ ለዱስ ምን ማለት ነው? ሹፌሩ ድሃ ቢሆን፣ ቢታሰር ወይም ቢጠፋ ችግር የለውም፤ ክሱ በባለንብረቱ ላይ ይቆማል። ባለንብረቱ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ተቀምጦ መኪናዋን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ቢሆንም ያው ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉም ክሱ አደጋው በደረሰበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚፈቅድ ከሳሽ አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ አይገደድም።

የወንጀሉ ክስ ውጤትም የካሳውን መንገድ አይዘጋም። በአንቀጽ 2149 መሠረት ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ቢባል የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች «ሹፌሩ ተፈታ፤ እኛም ተሸነፍን» ብለው ይበተናሉ።

አንድ ነጥብ ግን ጂንካንና ቀይ አፈርን ለሞሉት ሞተረኞች መነገር አለበት። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽዖ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ጠቅላላ ጉዳቱንም ለሁለት ያካፍላቸዋል። ሞተር ብስክሌትም በሞተር የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ ከአይሱዙ ጋር የተጋጨ ሞተረኛ፣ አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአይሱዙው ሹፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑን ካላስረዳ፣ የጉዳቱ ግማሽ በራሱ ላይ ይቀራል። እግረኛ የሆነው ተጎጂ ይህ ሸክም የለበትም።

መዝገቡ የት ይገኛል?

የመኪና አደጋ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተሳሳተው ጫፍ፣ ማለትም በሰበር ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የተደረገው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ሲሆን፣ ዛሬ ይኸው ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል። ከውል ውጭ ኃላፊነትን የሚመለከቱ ውሳኔዎችን ማንበብ ለማንም ይጠቅማል፦ ባለንብረት የሚባለው ማን ነው፣ መድን ሰጪው እስከ ምን ድረስ ይከፍላል፣ ይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ከመቼ ይቆጠራል የሚሉ ጭብጦች ደጋግመው ይነሳሉ። ሰበር የሚደርሰው ግን ጠበቃ ያቆመ፣ ይግባኝ የከፈለ፣ አዲስ አበባ የተመላለሰ ሰው ነው። የዱስ እረኛ በቅጾቹ ውስጥ ካልታየ አደጋ አልደረሰበትም ማለት አይደለም።

ትክክለኛው መነሻ ታች ነው። በክልሉ የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ፈርሶ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ አሪ ሐመርን ከያዘው የደቡብ ኦሞ ዞን ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተዘጋ መዝገብ የሚፈልግ ሰው ጉዳዩን ዛሬ የሚያየው ፍርድ ቤት የትኛው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አሮጌዎቹ ማኅደሮች የተቀመጡት የት እንደሆነ ጭምር ሬጅስትራሩን መጠየቅ አለበት።

መዝገብ ቤት ሲደርሱ «የመኪና አደጋ ክሶች» የሚል መደርደሪያ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጉዳዮች የሚለዩት በመዝገብ ቁጥር፣ በተከራካሪዎች ስምና ቢበዛ «ካሳ» ወይም «ከውል ውጭ ኃላፊነት» በሚል ርዕስ ነው። ካሳ ደግሞ በእሳት፣ በድብደባ፣ በንብረት ጉዳትም ይጠየቃል። ስለዚህ አዋቂ ፈላጊ የኋላ በር ይጠቀማል። አንደኛው በር የወንጀል መዝገብ ነው፦ በአንቀጽ 543 ወይም፣ የአካል ጉዳት ከሆነ፣ በአንቀጽ 559 የተከሰሱ ሹፌሮችን ዝርዝር ይዞ ከሟች ወይም ከተጎጂ ስም ወደ ፍትሐ ብሔሩ መሻገር። ሁለተኛው በር መድን ድርጅቶች ናቸው፦ በተከሳሽነት ወይም በጣልቃ ገብነት የመድን ድርጅት ስም ያለበት የካሳ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ነው። ሦስተኛው የወረዳው ትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከየትኛውም የፍርድ ጽሑፍ የሚበልጥ ነገር ያገኛል፦ ስንቱ አደጋ ወንጀል ሆነ፣ ስንቱ ወንጀል ካሳ ሆነ፣ ስንቱ በመካከል ጠፋ።

ለዚህ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ማመልከት፣ ማኅደሩን እዚያው ተቀምጦ ማንበብ፣ የሚያስፈልገውን ገጽ በግልባጭ መጠየቅ የተለመደው መንገድ ነው። በጽሑፍ ሲወጣ የተጎጂዎችን ስም መሰወር የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱን «ሽማግሌና ችሎት» በሚለው ክፍል እናየዋለን።

ማኅደሩ ሲገለጥ

የካሳ ማኅደር ከላይ ወደ ታች ሲገለጥ ታሪኩ በቅደም ተከተል ይወጣል። መጀመሪያ የክስ አቤቱታው አለ፦ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የአደጋው ቀንና ቦታ፣ የተጠየቀው ገንዘብ። ቀጥሎ የማስረጃ ዝርዝር ይመጣል። ከዚያ የተከሳሽ የመከላከያ መልስ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ዳኛው የመሠረቱት ጭብጥ፣ የምስክሮች ቃል፣ በመጨረሻም ፍርድ። አፈጻጸሙ የራሱ የመዝገብ ቁጥር ስላለው በሌላ ማኅደር ይፈለጋል። ይህን የዘነጋ አንባቢ «ተፈረደለት» ብሎ ይጽፋል፤ የተፈረደለት ሰው ግን አንድ ሳንቲም ሳይቀበል ዓመታት አልፈው ሊሆን ይችላል።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ነው። በአንድ ወረቀት ላይ መንገዱ በሁለት መስመር ይሰመራል፤ ስፋቱ በሜትር ይጻፋል። መኪናው ይመጣበት የነበረው አቅጣጫ በቀስት፣ የግጭቱ ነጥብ በምልክት፣ የፍሬን ጎማ ምልክት ካለ ርዝመቱ፣ ተጎጂው የወደቀበት ቦታና መኪናው የቆመበት ቦታ እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ይሰፍራል። ግርጌው ላይ የመርማሪው ስምና ፊርማ አለ። ዳኛው በአደጋው ቦታ አልነበሩም፤ ይህ ወረቀት ግን ቦታውን ችሎት ድረስ ያመጣላቸዋል።

በኦሞ ዳር መንገድ ላይ ፕላን ማንሳት ለምን ይከብዳል? ሰው የገጨ ሹፌር በሕግ ቆሞ ተጎጂውን መርዳት አለበት። የበቀል ስጋት ባለበት አካባቢ ግን ብዙ ሹፌር መኪናውን ሳያቆም በቀጥታ ወደሚቀርበው ፖሊስ ጣቢያ ይነዳና እጁን ይሰጣል። ትራፊክ ፖሊሱ ቦታው ሲደርስ መኪናው የለም፣ ተጎጂው ተነስቷል፣ የፍሬኑን ምልክት ነፋስና የከብት ኮቴ አጥፍተውታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕላኑ ምስክሮች በጣት በጠቆሙት ነጥብ ላይ ይመሠረታል። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ታዲያ የፕላኑን ቀንና ሰዓት ከአደጋው ቀንና ሰዓት ጋር ማነጻጸር አለበት፤ በመካከል ያለው ክፍተት የማስረጃውን ጥንካሬ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ወሳኝ ወረቀት ሊብሬ፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር ነው። አንቀጽ 2081 የሚይዘው ባለንብረቱን በመሆኑ የክርክሩ ግማሽ «ባለንብረቱ ማን ነው?» ወደሚል ይዞራል። መኪናው ተሽጦ ስሙ ሳይዞር ሲቀር፣ በሊብሬው ላይ ያለው ሰው «ሸጫለሁ» ይላል፤ የገዛው ደግሞ «በስሜ አይደለም» ይላል። ታርጋውን በትክክል ያልያዘ ከሳሽ እዚህ ክርክር ውስጥ እንኳ አይገባም። ማንበብ ያልተማረ የዓይን ምስክር «ነጭ መኪና ነው» ካለ በኋላ የሚቀረው የፖሊስ ፍለጋ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የሐኪም ማስረጃ ነው። የአካል ጉዳት ከሆነ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑንና የሥራ ችሎታን በመቶኛ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚገልጽ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ካልቀረበ ዳኛው የሚያሰላው ነገር የለውም። ከዱስ የተነሳ ተጎጂ ለዚህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ጂንካ ሆስፒታል፣ አንዳንዴም ከዚያ ማዶ መጓዝ ይኖርበታል።

አራተኛው ዝምድናን የሚያስረዳ ወረቀት ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በኦሞ ዳር የተወለደ ሰው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የተጋባ ሰው የጋብቻ የምስክር ወረቀት ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ክፍተቱ በቀበሌ ማስረጃና በሰው ምስክር ይሞላል። ምስክሩ የሚናገረው በካራ ወይም በሐመር ቋንቋ፣ የሚጻፈው ግን በአማርኛ በመሆኑ በመካከል አስተርጓሚ አለ። የምስክር ቃል በሦስት መስመር ተጠቅልሎ ካገኙት፣ ምስክሩ የተናገረው ሦስት መስመር ብቻ ነው ብለው አይደምድሙ።

ሰው በብር ሲሰላ

የማኅደሩ ከባዱ ገጽ ስሌቱ ያለበት ነው። አንቀጽ 2095 ሰው ሲሞት ካሳ የመጠየቅ መብት ለትዳር ጓደኛው፣ ለወላጆቹና ወደ ላይ ለሚቆጠሩት፣ ለልጆቹና ወደ ታች ለሚቆጠሩት ይሰጣል። የሚጠየቀውም በሞቱ ምክንያት ያጡት መተዳደሪያ ነው። ወንድምና እህት በዝርዝሩ የሉም። ሞትን የጎሳ ሁሉ ጉዳት አድርጎ ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ ዝርዝር እጅግ አጭር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የ35 ዓመት አባወራ በአደጋ ሞተ እንበል። ዓመታዊ ገቢው 24,000 ብር እንደሆነ ተረጋገጠ። ሲሶውን ለራሱ ያወጣ ነበር ተብሎ ሲቀነስ ለቤተሰቡ የሚደርሰው 16,000 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ቢባል 25 ዓመት ይቀረው ነበር። 16,000 በ25 ሲባዛ 400,000 ብር ይሆናል። ዳኛው ነገሩን በርትዕ ሊቀንሰው ወይም በየጊዜው የሚከፈል ቀለብ ሊያደርገው ይችላል፤ የስሌቱ አጥንት ግን ይህ ነው።

አሁን ገቢው «24,000 ብር» መሆኑን ማን ያስረዳል? የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ማስረጃ ያመጣል፤ ነጋዴ የግብር ደረሰኝ ያቀርባል። ማሽላ ዘርቶ፣ ፍየል አርብቶ፣ ማር ቆርጦ የሚኖር ሰው ወረቀት የለውም። ሕጉ ግን ባዶ እጁን አይመልሰውም። አንቀጽ 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ያዘዋል። ጎበዝ ጠበቃ የፍየሉን ቁጥር፣ የቱርሚን ገበያ ዋጋ፣ በዓመት የሚገኘውን እህል በምስክር እያስመዘገበ ዳኛውን ያግዛል። ሰነፍ ክስ «ገቢው ከፍተኛ ነበር» ብሎ ያልፋል፤ ውጤቱም በፍርዱ ላይ ይታያል።

የሕሊና ጉዳት ካሳስ? አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ይህ ጣሪያ የተቀመጠው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ልጁን ለቀበረ አባት ለመታሰቢያ ቡናውና ስኳሩ እንኳ አይበቃም። የማኅደር አንባቢ ይህን 1,000 ብር ደጋግሞ ሲያገኘው ዳኞቹን ጨካኝ አድርጎ እንዳያይ፤ እጃቸውን ያሰረው ሕጉ ነው።

ከዚህ ጎን የግዴታ መድን አለ፤ በተለምዶ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም መኪና ይህን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። መጠኑ ሊሻሻል ስለሚችል መዝገብ የሚያነብ ሰው በአደጋው ቀን ይሠራ የነበረውን ጣሪያ መመልከት አለበት። ቁጥሮቹን ግን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ አንድ መኪና መንጋ ውስጥ ገብቶ ከብቶቹንና እረኛውን ቢገድል፣ በወረቀቱ ላይ የመንጋው ጣሪያ የእረኛው ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር።

ትልቁ ወጥመድም ያለው እዚሁ ነው። መድን ድርጅቱ በዚያ ጣሪያ መሠረት 40,000 ብር ሲከፍል ቤተሰቡ ካሳው ያ ብቻ ይመስለዋል። በእኛ ምሳሌ ግን ሙሉው ጉዳት 400,000 ነበር። ከመድኑ በላይ ያለው ቀሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለንብረቱ ይጠየቃል። «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ በጣት አሻራ የፈረመች ባልቴት ግን የምሳሌውን ዘጠኝ አሥረኛ በዚያች አሻራ አጥታዋለች። ማኅደሩ ውስጥ እንዲህ ያለ የስምምነት ወረቀት ካገኙ ቀኑን፣ ማን እንዳነበበላትና በምን ቋንቋ እንደተነበበላት ይፈልጉ።

መኪናው ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለውስ? አዋጁ ለዚህ የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው መኪና ለገደለው ወይም ላቆሰለው ሰው ፈንዱ ይከፍላል። ለዱስ ዓይነት መንደር ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌና ችሎት

በደቡብ ኦሞ የመኪና አደጋ መዝገቦች ቁጥር ማነሱ አደጋው ስላነሰ አይደለም። ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ስለሚሄድ ነው። በአርብቶ አደሩ ዘንድ ሰው መግደል፣ ሆን ተብሎም ይሁን በስህተት፣ በሁለት ወገኖች መካከል የደም ጉዳይ ይከፍታል፤ የሚዘጋውም በከብትና በዕርቅ ሥርዓት ነው። ዕርቅ ካልወረደ ሹፌሩ ብቻ ሳይሆን የእሱ ወገን የሆነ ማንም መንገደኛ ስጋት ላይ ይወድቃል። በሳላማጎ ወረዳ የኦሞ ኩራዝ የስኳር ፕሮጀክት ከባድ መኪናዎች ሰው ገጭተው በገደሉ ጊዜ አጸፋው ነገሩን በማያውቁ መንገደኞች ላይ የወረደባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። በማኅደር ጥናት ውስጥ ስም መሰወር የግድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዕርቁን ሕጉ አይጠላውም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች ታርቀው ስምምነታቸውን በፍርድ ቤት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ችግሩ ዕርቁ ከፍርድ ቤት ውጭ ተደርጎ እዚያው ሲቀር ነው። የወንጀል ዐቃቤ ሕግ ዕርቁን የሚያየው እንደ ቅጣት ማቅለያ ነው፤ መድን ድርጅቱ ሊያየው አይገደድም፤ ባለንብረቱ ደግሞ «ካሳ ከፍያለሁ» ብሎ ይከራከርበታል። የተከፈለው አሥር ፍየል ከሆነ ግን ምን ያህል ብር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ የደሙን ነገር ይጨርሱ፤ የተከፈለውም በብር ተተምኖ፣ ቀሪው መብት ተጠብቆ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ፍርድ ቤት ይመዝገብ። እንዲህ ሲሆን ሰላሙም ካሳውም አይጠፋም።

ያልተከፈተ መዝገብ

ማኅደር የሚያጠና ሰው ፍርዱን ብቻ ካነበበ የታሪኩን ጠባብ ክፍል ብቻ ያገኛል። «ከሳሽ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል» የምትል የአንድ መስመር ትእዛዝ ከአሥር ገጽ ፍርድ የምትበልጥበት ጊዜ አለ። ቀጠሮው የትኛው ወር ላይ ነበር? ደረቁ ወንዝ የሞላበት ወቅት ነው? ከሳሽ መጥሪያው ደርሶት ነበር? ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ስንት ያወጣ ነበር? እነዚህን የጠየቀ ሰው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 የሰጠው ፍትሕ የማግኘት መብት ከቱርሚ ማዶ እንዴት እንደሚሠራ ያያል።

ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ሆኖ በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይደነግጋል። ዩኒቨርሲቲዎችም በሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። መብቱን የሚናገር ሰው መንደሩ ድረስ እስካልሄደ ግን ሁለቱም ጂንካ ላይ ይቀራሉ።

ይህን ለሚያነብ የዱስ፣ የቱርሚ ወይም የጂንካ ተማሪ፣ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የቀበሌ ጸሐፊ አንድ ቃል አለኝ። አደጋ ሲደርስ ታርጋውን ጻፍ፤ ስልክ ካለህ ቦታውን ከነመኪናው ፎቶ አንሳ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን እንዲያነሳ አሳስብ። ተጎጂው ሕክምና ሲያገኝ ካርዱንና ደረሰኙን አስቀምጥ። የሟችን ሚስትና ልጆች በቀበሌ አስመዝግብ። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ የስምምነት ወረቀት ላይ ማንም እንዳይፈርም ምከር። ከዚያም ቀን ቁጠር፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀል ሕጉ ከዚያ የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠለት ረጅሙ ይሠራል፤ ይህ ግን ለዘገየ ሰው የቀረ መከራከሪያ እንጂ የመዘግየት ፈቃድ አይደለም። ሁለቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ነው።